መውጫው በየት በኩል ይሁን

ፌርማታ የሚሉት ሰው ሰፈሩን ለምድር ውስጥ ባቡር ሸጦ፣ በምትኩ ዕድሜ ልኩን በነጻ የሚሳፈርበት ካርድ ተቀበለ ይባላል። ወሬው ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ሲነሳ ካርድ ብቻ ነበር። ዳቦ ቤቱ ሲደርስ ከፊተኛው ፉርጎ በስሙ የተለየ ወንበር ተጨመረበት። ላውንደሪው ጋ ሲደርስ ደግሞ ከጣቢያው በላይ መኖሪያ ቤት ተሰጠው። ጥቂት ቀን ቢያገኝ ኖሮ ወሬው ባቡሩን ራሱን ያወርሰው ነበር።

ሐሰት ነው። ባቡሩ ሥራ በጀመረ ዕለት ፌርማታ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ፣ ከፊቱ የቆመችው ሴትዮ ጃንጥላ ዓይኑን እንዳይወጋው አንገቱን እያዘመመ፣ ትኬቱን ቆርጦ ነው የገባው። ማንም ምንም አልሰጠውም። ሰውየው ሰፈሩን አልሸጠም፤ በነጻ ነው ያስረከበው። ሸጦትማ ቢሆን ነጋዴ ነው ተብሎ ቢያንስ ይከበር ነበር።

ስሙን ያወጣለትም ይኸው ፀጉር አስተካካይ ነው። ፌርማታ በሙያው ሶፋ ሰሪ ነው። ሥራ ቤቱ ከሰፊው አስፋልት ማዶ፣ ከአሮጌው መጋዘን አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አሁንም አለች። ግማሿ ስፖንጅ፣ ግማሿ ጨርቅና ሲባጎ ነው፤ በተረፈችው ቦታ እሱ ይተኛባታል። ሳምንቱን ሙሉ ለሰው መቀመጫ ሲሠራ ይሰነብትና በዕረፍት ቀኑ ሄዶ በሰው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። አውቶቡስ ውስጥ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን እንደ ሐኪም በመዳፉ ጫን ጫን እያደረገ የውስጡን የሽቦ ሞላ ይመረምራል። ከዚያ አጠገቡ ላለው መንገደኛ፣ ያውቀው አያውቀው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መርዶ ያረዳል፦ «ሞላው ሞቷል።»

ትኬት ቆራጯ መጀመሪያ ሰሞን ግራ ገብቷት ነበር።

«ወዴት ነህ፣ ጋሼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እዚያ ማን አለህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ?»

«ልመለስ።»

እብድ ነው ያሉ ነበሩ። ከመስመሩ ጫፍ ውሽማ አስቀምጧል ያሉም ነበሩ፤ ይኼኛውን የሚያምኑት በተለይ ባለትዳሮቹ ነበሩ፣ ለነሱ ሌላው ምክንያት አይገባቸውም። ሚስቱ ግን እውነቱን ደርሳበታለች። አንድ ቀን ከኋላ ከኋላው ተሳፍራ ተከተለችው፤ ከጫፍ ጫፍ ሄዶ፣ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ ሾፌሩ መሪ ሲጠመዝዝ አብሮ ትከሻውን ሲያዘም አየችው። ማታ ቤት ገብታ አለቀሰች። «ሴት ቢሆን ኖሮ ፀጉሯን ነጭቼ እገላገል ነበር፤ አውቶቡስን ምን አድርጌ ልጣላው?» አለች። ሳይቆይ ጥላው ሄደች። ሻንጣዋን ተሸክሞ የሸኛትም እሱ ነው። ሲለያዩ ምን አላት? ተይ አላላትም፣ ይቅር በይኝ አላላትም። «በግራ በኩል ተቀመጪ፤ ፀሐይ አይመታሽም» አላት። ይህች ወሬ አይደለችም፤ ፀጉር አስተካካዩ እዚያው ቆሞ ሰምቷል።

ነገሩ የጀመረው ግን ከእህቱ ነው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ እሷ ደግሞ ከልጅነት ወደ እናትነት መሃል ላይ አረፍ ሳትል ተሻገረች። ጨርቅና ቁልፍ ልትገዛ ወደ ገበያ ስትሄድ አደራ የምትሰጠው ሰው ስለሌላት ይዛው ትሳፈራለች። መውረጃቸው ሲደርስ መከራ ነው! የበሩን ብረት ጨብጦ አልወርድም ብሎ ያቀልጠዋል። «የሌላ ሰው ልጅ ለከረሜላ ያለቅሳል፤ የኔው ለወንበር» ትላለች። መታችው፤ አልሆነም። ለመነችው፤ አልሆነም። በመጨረሻ ሥራዋን ይዛ መሳፈር ጀመረች። እሱ በመስኮት እያየ ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ፣ እሷ የሰው ሸሚዝ ጭኗ ላይ ዘርግታ ቁልፍ ትተክላለች። በዚያ ሰፈር በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ያልተሰፋ ሸሚዝ የለበሰ ወንድ አልነበረም ቢባል ውሸቱ ትንሽ ነው። ካደገም በኋላ ሰው ሲያማባት ትመልስ የነበረው አንዲት ነገር ናት፦ «የሌላው ወንድም ይጠጣል፤ የኔው ይሳፈራል። ሰክሮ ከሚመጣ ተሳፍሮ ቢመጣ ይሻለኛል።»

እትዬ ነው የሚላት። እሷም ከሷ በቀር ማንም በማይጠራው የልጅነት ስሙ ነው የምትጠራው። በዓለም ላይ የሚፈራውም የሚፈልገውም እሷን ብቻ ነበር። ይህን የሚክድ ወሬኛ እንኳ የለም።

ከዚያ የምድር ውስጥ ባቡሩ ነገር መጣ።

ሰፈሩ ከላይ ለሚመጣበት መዓት ሁሉ አንድ የታወቀ መድኃኒት ነበረው፤ ዝምታ። ቀደም ሲል መንገድ እናስፋ ብለው መጥተው «ሐሳብ ስጡ» ሲሉ፣ ሰዉ እጁን አጣጥፎ ዓይን ዓይናቸውን አየ። እንመለሳለን ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። የቆሻሻ መጣያውንም ነገር እንዲሁ ነው ያሳለፉት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ስለዚህ የባቡሩ ሰዎች ለስብሰባ ሲጠሩ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከነሽርጡ በየቤቱ ዞሮ አስጠነቀቀ። «ማንም ትንፍሽ እንዳይል! ሐሳብ የሰጠ ሰው ተስማማ ማለት ነው።» ፌርማታ ጋ ሲደርስ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አየው።

«አንተ በተለይ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«እስካሁን ምንም። እንደዚያው ቆይ።»

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ከአልጋ አንሶላ የሚተልቅ ንድፍ ተሰቅሏል። መሐንዲሷ ልጅ እግር ናት፤ ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ እጇ ላይ ዱላ ቢጤ ይዛለች። ጣቢያው በሰፈሩ ሥር እንደሚያልፍ አስረዳችና፣ «የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች። «እናቶች፣ አባቶች፣ መውጫው በየት በኩል ይሁን? ከአስፋልቱ ወዲያ ነው ወይስ ወዲህ?»

ዝም።

«ሐሳባችሁን እንፈልጋለን።»

አንድ ሰው ሳለ። ሌላው የጫማውን ጫፍ መረመረ። ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ረድፍ ዞር ብሎ ፌርማታን በዓይኑ ወጋው። ፌርማታ ከእህቱ ጎን ተቀምጦ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ቀብሯል፤ እስቲ ይኼንን ሰው ማን ክፉ ይለዋል? የሚቻለውን ያህል ታግሷል።

መሐንዲሷ ሰለቻት። «እንግዲህ ሐሳብ ከሌለ ከወዲያ፣ በመጋዘኑ በኩል የሚለውን እንይዛለን። ከአውቶቡስ የወረደው ተሳፋሪ አስፋልቱን ይሻገርና፣ መጋዘኑን በጀርባ ዞሮ…»

እዚህ ላይ ነው ሰውየው የተነሳው። መነሳቱን ራሱም ያወቀው ቆሞ ራሱን ካገኘ በኋላ ነው ይላሉ በቅርብ የነበሩት።

«ይሻገርና? ዞሮ? የኔ እመቤት፣ በዝናብ? ዕቃ የያዘች ሴት፣ ልጅ የታቀፈች ሴት፣ ከአውቶቡስ ወርዳ ባቡር ለመሳፈር አገር አቋርጣ ልትሄድ ነው? ማን አስተማራችሁ ይኼን? መውጫው ከወዲህ ይሁን! ሰው ከሰባት ቁጥር በር እግሩን ሲያወርድ የባቡሩን ደረጃ ይርገጥ፤ ጫማው ሳይረጥብ! እንደሱ ካልሆነ ምኑን መስመር ሆነ?»

እጁን እያወናጨፈ ንድፉ ድረስ ሄደ። በጣቱ አሳየ። መሐንዲሷ ፊቷ በራ። «ጎበዝ! ስንት ቦታ ስብሰባ አድርገናል፤ እንደርስዎ የገባው ሰው አልገጠመንም» አለችና፣ ቀይ እስክሪብቶ አውጥታ ጣቱ ያረፈበት ላይ ምልክት አደረገች። «የነዋሪው ፍላጎት ከወዲህ ነው» ብላ ለባልደረባዋ አስያዘች።

ፌርማታ ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። በዕድሜው ስለ አውቶቡስ ተናግሮ ሰው ሲያዳምጠው የመጀመሪያው ነው። እህቱ ወደሱ ጠጋ አለች።

«ያ ቀዩ ያረፈው የት ላይ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

ያኔ አየ። ንድፉ ላይ ቤቶችም ነበሩ። ለሱ ቤት ማለት በሁለት ፌርማታ መካከል በመስኮት የሚታይ ነገር ነው፤ ልብ ብሎ አያውቅም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለውን ረድፍ በዓይኑ ቆጠረ፤ ዳቦ ቤቱን፣ ፀጉር ቤቱን፣ የአንዲት መበለትን ቤት… መዋሸት ደግሞ አልተማረም።

«መቁረጫ ጠረጴዛሽ ላይ» አላት።

እህቱ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ ተነሳች፣ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲያ አላናገረችውም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፌርማታ በማግስቱ ባቡር መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር፤ በሳምንቱም ነበር። መሐንዲሷ አንድ ቀን መኪናዋ ጋ ስትደርስ ያዛት።

«ያልኩትን ትቼዋለሁ፤ ይሰረዝልኝ።»

«ለምን? አሳማኝ ነበር እኮ» አለችው ከልቧ። «ለአለቆቼ እንኳ እንዳለ ነው ያቀረብኩት። ኮራ ይበሉ።»

ኮራ ይበሉ! ሰው ሲሰድቡት ይመልሳል፤ ሲያመሰግኑት ምን ይላል? አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ቤቶቹ ሲፈርሱ የስፌት መኪናዋን የተሸከመው እሱ ነው። ሌሎቹ ዕቃ የሚያወጡበትን መንገድ ለቀቁለት፤ ከአክብሮት አይደለም፣ እንዳይነካቸው ነው። ሥራ ቤቴ ግቢ፣ እኔ ውጭ እተኛለሁ ብሎ ለመናት። መልሱን በጎረቤቷ በመበለቲቱ በኩል ሰደደችለት፦ «እዚያ ተኝቼ ባቡሩን ላዳምጥ ወይ በሉት።»

ሥራ ቤቱ የዳነችበትን ነገር ደግሞ የሰማው ከሁሉ ኋላ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጋሪ ላይ ሲጭን ሊያግዘው ጠጋ ቢል፣ «ተው፣ አንተ እጅህ ወርቅ ነው አይድከም» አለው። «ከወዲያ ቢሆን የሚፈርሰው ያንተው ጎጆ ነበር። ከወዲህ አደረግከው። እኛ ነን ሞኞቹ፤ አንተማ የመስመር ሰው ነህ፣ የት እንደሚታጠፍ ታውቃለህ።»

ፌርማታ እጁን ሰበሰበ። መጋዘኑ ሲነሳ የሱም ክፍል አብራ እንደምትሄድ በፍጹም ትዝ ብሎት አያውቅም። እንደዚያ ሊልም ነበር። ግን «የእህቴ ቤት እንዳልታሰበኝ ሁሉ የኔም አልታሰበኝም» ብሎ ሰውን ማሳመን እንዴት ይቻላል? ሰንብቶ ሰንብቶ ራሱንም መጠርጠር ጀመረ። ሶፋ እየሸፈነ ሚስማሩን በጥርሱ ይዞ ቆም ይላል፤ ምናልባት በሆዱ አስቤው ይሆን? ወሬ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ሰው ከማሳመኑ ይልቅ ባለቤቱን ሲያሳምን ነው ጉዱ።

ባቡሩ ሥራ የጀመረ ዕለት አለቀሰ የሚባለው እውነት ነው። ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ ጸጸት አስለቀሰው የሚሉ አሉ፣ የአዞ እንባ ነው የሚሉ አሉ። ሁለቱም አላገኙትም። ነገሩ ከዚህ ይከፋል። ከመሬት ሥር ወጣ፤ ዝናብ ይጥላል፤ ደረጃውን ጨረሰና ቀና ሲል ሰባት ቁጥር በሩን ከፍቶ ከፊቱ ቆሟል። እግሩን አነሳ፣ አሳረፈ፣ ገባ። ጫማው አልረጠበም። ልክ እንዳለው። ያች እግሩን ያነሳባት ቦታ እህቱ ተረከዟን የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አድርጋ ዕድሜዋን የጨረሰችባት ቦታ ናት፤ ያንን አልረሳም። አልረሳም ግን ደስ አለው። እንባው የመጣው ደስ ስላለው ነው፤ ደስ በማለቱም ራሱን እንደ ውሻ ጠላ። ይህን ለማን ይናገሩታል? ሆድ ይፍጀው ብሎ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ተመለሰም።

ለተነሺዎቹ የተሰጣቸው መንደር ከመስመሩ ጫፍ ወዲያ ነው። ሰባት ቁጥር ዞሮ የሚመለስበት ላይ ወርዶ ሜዳውን በእግር መቁረጥ ነው፤ ሲዘንብ ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰዎቹ መጀመሪያ ሰሞን የሰው ቤት እየገቡ ይሳቀቁ ነበር። እህቱ አንዲት ክፍል ደረሳት፤ አልጋና የስፌት መኪና ተፋጥጠው የተቀመጡባት። ሥራ የለም። የምታውቃቸው ደንበኞች ለአንድ ቁልፍ ብለው ይኼን ሁሉ አይመጡም።

ፌርማታ በዕረፍት ቀኑ ሁሉ ይመጣል። መጀመሪያ በሩ ይዘጋበታል፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይውልና ይሄዳል። በኋላ በሩ ገርበብ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ሳይጠይቅ ገብቶ የሚወዛወዘውን ወንበሯን አወጣና ጠግኖ መለሰላት፤ አላመሰገነችውም፣ ግን ተቀመጠችበት። ይህን ያየ ፀጉር አስተካካይም የተቀደደ የደንበኛ ወንበሩን አስጠገነ። አዲስ ጨርቅ ለብሶ ሲመጣለት እጁን አሻሸበትና፣ «ጥሩ ነው፤ ጥፋትህን ለመሸፈን ከሆነ ግን ጨርቁ አልበቃም» አለው። ቢሆንም ተጨባበጡ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ዝናቡ ሲያባራ ሦስቱ፣ እህቱ፣ መበለቲቱና ፀጉር አስተካካዩ፣ ደጃፉ ላይ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ፌርማታ ሜዳውን አቋርጦ እያነከሰ ደረሰ። ከነጭቃው ጥግ ላይ ቁጭ ሊል ሲል፣ እህቱ ዓይኗን ከብርጭቆዋ ሳታነሳ፣

«ጫማህን አውልቀው፤ እግርህ አብጧል» አለችው።

ፌርማታ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። የራሷን ነጠላ ጫማ በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

«ይኸው ታረቁ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ማን ታረቀ አለህ? ከእግሩ ጋር ነው የታረቅኩት።»

ሳቁ። መበለቲቱ ትን እስኪላት ሳቀች። ከፈረሰባቸው ወዲህ አንድ ላይ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። እህቱ በልጅነት ስሙ ጠራችው፤ ሻይ ቀዳችለት፣ ስኳሩንም ሳትጠይቅ እንደሚወደው አበዛችበት። ሰውየው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቀና ማለት ፈራ። ምናለ ዝም ብሎ ቢጠጣው ኖሮ!

መበለቲቱ እንባዋን እየጠረገች ወደ ሜዳው አየች። «እሱስ ጎልማሳ ነው፣ መጣ። እኔ በቀደም ሐኪም የቀጠረኝ ቀን ግማሹ ጋ ደርሼ ጉልበቴ አልሄድ አለኝ፤ ተመለስኩ። መንገድ የሌለው ሰው በቁሙ የተቀበረ ነው» አለች።

«እውነትሽን ነው» አለች እህቱ።

ፌርማታ ከአንዷ ወደ አንዷ አየ። የሆነ ነገር ሊሰጣቸው ፈለገ፤ ይህን ሻይ፣ ይህን ነጠላ ጫማ የሚያህል ነገር። ካለው ሁሉ የሚበልጥበትን ፈለገና አገኘ። ፊቱ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ እንደበራው በራ።

«አይዟችሁ» አላቸው፣ «አንድ ቀን መስመሩ እዚህም ይመጣል።»

እህቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ሻሿን አጥብቃ አሰረች።